ሻሼን ይዤ ወደ ቡሌ

ከዲላ የወጣሁት ለድመቴ ለሻሼ ቤት ፍለጋ ነው። ስትከሳብኝ አዲስ አበባ ወስጄ ደሟን ባስመረምር የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ ተገኘባት። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ በሽታው ሰው አይዝም፤ ከድመት ወደ ድመት ግን በመላላስና አብሮ በመብላት ይጋባል። መድኃኒት የለውም፤ ደሟን ያሳንሳል፣ ሌላውን በሽታ እንዳትቋቋም ያደርጋታል። ከሌሎች ድመቶች ተለይታ፣ ቤት ውስጥ በደንብ ከተያዘች ግን ገና ዕድሜ አላት። ሱቃችን ውስጥ ሁለት ጤነኛ ድመቶች አሉን። ባለቤቴ «ቡሌ አክስቴ ጋ ውሰጃት፣ ድመት የላቸውም። እሳቸው እምቢ ካሉ በመርፌ ማስገደል ነው» አለኝ። ልቤ ተሰበረ።

ጠዋት፣ መናኸሪያ

ረዳቱ ቅርጫቴን አየና «ዶሮ ነው?» አለኝ።

«ድመት ናት።»

«ወደ ቡሌ? እዚያ ድመት ጠፋ እንዴ!» መኪናው በሙሉ ሳቀ። ይባስ ብሎ ለእሷም የሰው ሒሳብ አስከፈለኝ፣ ሌባ!

ዳገቱን ስንይዝ ቡናው እየሳሳ፣ እንሰቱ እየበዛ፣ ብርዱም እየጠና ሄደ። ቡሌ ሳንደርስ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ብንገፋ ብንገፋ እምቢ ሲል የቀረውን በእግር አዘገምኩት፤ ሻሼ ቅርጫት ውስጥ ሆና መንገዱን ሙሉ ስትነጫነጭ ነበር።

ቡሌ

እቴቴ ወርቄ፣ የባለቤቴ አክስት፣ በር ላይ አገላብጠው ሳሙኝ። ድመት ይዤ እንደምመጣ ብቻ ደውዬ ነግሬያቸው ስለነበር ቆጮ በጎመን ተሰናድቷል። ምድጃው ዳር ግን አንድ ነጭ ድመት ከወተት ሳህን አጠገብ ተጎልቷል።

«ይሄ ደግሞ የማነው እቴቴ?»

«የጎረቤት ነው፣ ተውሼው ነው። እንግዳ ብቻውን ይበላል እንዴ? ነውር ነው!»

ክው አልኩ። ቅርጫቱን እንዳቀፍኩ የሐኪሙን ቃል ነገርኳቸው።

«በቃ ይዣት ልመለስ» አልኩ፤ እንባዬም መጣ።

«የት? መርፌ ሊወጓት? ወግጂልኝ!»

ነጩን ድመት አቅፈው ለባለቤቱ መለሱት። ሳህኑን በፈላ ውሃ አጥበው አዲስ ወተት ቀዱበት፤ በሩን ዘጉና ሻሼን አወጧት። ከዚያ ለራሳቸውም በኩባያ ቀድተው አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«እንግዳ ብቻውን አይበላም ብያለሁ» አሉና ጠጡ። ሻሼም ላሰች። ሳቄና ልቅሶዬ ተቀላቀለብኝ።

ዲላ፣ ቤቴ

ሐኪሙ ከድመት ለዪያት አለኝ እንጂ ከሰው ለዪያት አላለኝም። ይህን ለመረዳት ያን ሁሉ ጭቃ ማቋረጥ ነበረብኝ። ማታ እንዴት እንዳመሸች ልጠይቅ ስልክ ደወልኩ።

«እቴቴ፣ ሻሼ ደህና ናት?»

«እራት ላይ ነን፤ ቆይተሽ ደውይ» ብለው ዘጉብኝ።