ባቡሩ በጓሮ ይዙር

በጃንሆይ ጊዜ፣ ገና አዲስ ተጋቢ ሳለን፣ ባለቤቴ የሚያስበው ስለ ባቡር ነበር፤ እኔ ስለ አከራያችን። ቡራዩ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ድምፃችን ትንሽ ከፍ ካለ ሴትዮዋ ከወዲያ ሆና ግድግዳውን በዘነዘና ትደበድባለች። ማርገዜን ስታውቅማ «የሕፃን ለቅሶ በውላችን የለም፤ ሳትወልጂ ቤት ፈልጊ» አለችኝ።

ቦታ እኮ ነበረን! ሰበታ፣ ጅማ መንገድ ዳር። ግን መሠረት እናስቆፍር ባልኩት ቁጥር መልሱ «ባቡሩ ይምጣ» ነው። ከጅማ በኩል የድንጋይ ከሰል የሚያመላልስ የጭነት ባቡር መስመር ለሚያጠኑ የውጭ መሐንዲሶች አስተርጓሚ ነበር። ሐዲዱ በአጠገባችን ካለፈ የቦታው ዋጋ ሰማይ ይነካል ባይ ነው። መቼ ይዘረጋል? አበዳሪው ባንክ ከሰሉን ካላየሁ ገንዘብ አልለቅም ይላል፤ ከሰል ቆፋሪዎቹ ደግሞ ሐዲዱን ካላየን አንቆፍርም ይላሉ። እራት ላይ ይህን ሲያስረዳኝ ብድሩን ራሱ የሚፈርም ይመስል ነበር። እኔ የማዳምጠው ሆዴ ውስጥ የሚራገጠውን ነው።

ይባስ ብሎ ሌላ ኩባንያ መጣ። ከሰሉ ያለው በጎጃም በኩል ነው፣ መስመሩ በሱሉልታ ይገባል፣ የብድሬም ወለድ ዝቅ ያለ ነው አለ። መንግሥት ሁለቱን ተወዳደሩ አላቸው። ባለቤቴ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወደ አዲሱ ኩባንያ ተዛወረና፣ እኔን ሳያማክር፣ የሰበታውን ቦታ፣ ልጃቸውን ወደ ሰበታ ከዳሩ አንድ የሱሉልታ ገበሬ ጋር በመሬት ተለዋወጠ። ሄጄ አየሁት። ንፋስ የሚያፏጭበት ረግረግ ሜዳ፣ መሀሉ ላይ አንዲት ደረቅ ጉብታ፣ ጉብታዋ ላይ ጫፉ ቀይ የተቀባ የመሐንዲሶች ችካል።

«ሐዲዱ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። ካሳው ብቻውን ፎቅ ያሠራናል፤ እንዳትነኪው» አለኝ።

ብግን አልኩ። እሱ ግን ከመሐንዲሶቹ ጋር ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ።

ክረምቱም ልጁም ባንክ አይጠብቁም። ከቡራዩ ገበያ ሴቶች ጋር እቁብ ነበረኝ፤ የዚያን ሰሞን ዕጣው ለሌላ ሴት ወጥቷል። ሆዴን እያሳየሁ ለመንኳት፣ ለቀቀችልኝ። ዋስ ጥሪ አሉኝ፣ ጠራሁ፤ በቃ። የከሰል ናሙና አምጪ ያለኝ የለም።

ሠራተኛ ያገኙልኝ መሬቱን የለወጡን ገበሬ ናቸው፤ ጎረቤት ነበሩ።

«ኦቦ፣ ችካሉ ያለበት ጉብታ ላይ ብሠራ ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «አምና እዚያ ማዶ ተከሉ፣ ዘንድሮ ነቅለው እዚህ ተከሉ። ባቡር አላየሁም። ዝናቡ ግን ይኸው መጣብሽ።»

ጭቃው ሳይደርቅ ቆርቆሮው ተመታ። ወንድ ልጄን በገዛ ቤቴ ወለድኩ።

ባለቤቴ ከበረሃ ሲመለስ፣ ቤቱን ሲያይ፣ ደጃፉ ላይ ክው ብሎ ቀረ።

«ችካሉስ?»

«አልጋው ሥር ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? ባቡሩ እኮ የሚያልፈው በዚህ ነው!»

«በጓሮ ይዙር!» አልኩት። ስንት ወር አንጀቴን ሲያሳርረኝ የከረመው ነገር በዚያች ቃል ወጣልኝ።

ሊጮህብኝ አፉን ሲከፍት ልጁ ከውስጥ ቀደመው። ለቅሶውን አቀለጠው። ሁለታችንም በልማድ ወደ ግድግዳው ዞረን ትንፋሻችንን ዋጥን፤ ዘነዘናውን ጠበቅን። ልጁ እንደ ልቡ አለቀሰ፣ ደገመ፣ ሰለሰ። የደበደበ የለም።

ባለቤቴ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ልጁን አንስቶ ደረቱ ላይ አስጠጋው።

«ጩኽ፣ አባቴ» አለው። «ጩኽ።»