ሀውራ በሩን ያስከፈተችበት ቀን

አርዲቦ ሐይቅ ዳር የሀውራ ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ አላደርግም። ደህና አድርጎ መናገር ነው እንጂ ነገር በሹክሹክታ መቼ ይቀላል?

ሀውራ ሪያድ ከተማ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ ሀሚዱን አግብታ ሱንዱስንና ሙስዓብን የወለደች ሴት ናት። ሐይቅ ከተማ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት አጠገብ የልብስ ሱቅ ነበራት። በ2010 ለውጥ መጣ፣ አገር ሊያልፍለት ነው ሲባል እሷም እንደ ሰዉ አጨብጭባ ሱቁን አሰፋችው። ምን ዋጋ አለው! ገበያው ሲቀዘቅዝ ሀሚዱ ወደ ሳውዲ ተሻገረ፤ በጥቅምት 2014 ደግሞ ጦርነቱ ሐይቅ ገባ። ታጣቂዎች ሱቁን ሲዘርፉ ታናሽ ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ "ኧረ ተዉ፣ የልጆች ጉሮሮ ነው" አላቸው። በሁለት ጥይት ጣሉት። ሀውራ ደሙን የጠረገችው ለሽያጭ ሰቅላው በነበረ ቀሚስ ነው።

ጦሩ ከከተማው ከወጣ በኋላም ቤቷ ሰላም አላገኘም። አምስት ዓመት ያልሞላው ሙስዓብ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር ይገባና ሽንቱን ይለቅ ነበር። ያንን ማየት አቅቷት ልጆቿን ይዛ ወደ ሀሚዱ ልትሻገር ቆረጠች። ሀሚዱ በስልክ "የአላህ ያለህ ሀውራ፣ በየመን ያለው መንገድ እንኳን ለሕፃን ለጎረምሳም አልሆነ" ብሎ ለመናት።

"ዐረብ አገርን አንተ ለኔ ልትነግረኝ?" አለችው። "አዛን በሚሰማበት አገር ማን ልጄን ይነካል?"

አጃኢብ! የምታውቀው እኮ የሪያድን ወጥ ቤት ነው። ከዚያ ወጥ ቤት ውጭ ያለውን ዐረብ አገር እሷም እንደ ልጆቿ አላየችውም።

ጥር ላይ በባቲ፣ በሚሌ አድርገው ጅቡቲ ገቡ። መንገድ ላይ አምሳሉ የሚባል የአምባሰል ልጅ ተቀላቀላቸው፤ ከግሸን ሥር ካለ መንደር የመጣ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ገበሬ። ሙስዓብን ትከሻው ላይ አድርጎ በረሃውን የተሻገረ እሱ ነው። "እትዬ ሀውራ፣ ማተቤን እዚያ ሲያዩብኝ ያርዱኛል ይሆን?" ይላታል፤ "ከሸሚዝህ ሥር አድርገው፣ ወንድሜ ነው እላለሁ" ትለዋለች። ሀውራም መንገዱን ሙሉ ልጆቿን ታሠለጥናለች፤ ትልቅ ሰው ሲመጣ ተነሱ፣ ሰላምታ ስጡ፣ እጁን ሳሙ። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኛ ዘንድ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ የአንዱን እጅ ይዞ "እኔ ልቅደም፣ አንተ ቅደም" እየተባባለ ይሳሳማል። እጅ የማይስም ልጅ ያሳደገው የለም ይባላል። የሰው አገር ስትገባ ልጆቿ ያሳደጋቸው እንዳለ እንዲታይ ፈለገች፤ ሌላ ምንም አልነበራትማ።

በጀልባ ተሻግረው የመን ዳርቻ እንደ ረገጡ፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ጭነው ከፍ ያለ ግንብ ያለው ግቢ ውስጥ ዘጉባቸው። ስልሳ ሰው ይሆናል። በሩ አንድ ነው፣ ብረት፣ ጠባብ፤ ጣሪያው ላይ ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ አለ። ቤተሰብ ገንዘብ እስኪልክ ወንዶቹን ይገርፏቸዋል። አምሳሉን አስተኝተው የፕላስቲክ ጀሪካን እያቃጠሉ ጀርባው ላይ አንጠባጠቡበት፤ ጩኸቱን ለእናቱ በስልክ አሰሟት። ሱንዱስ ጆሮዋን ይዛ ቁጭ አለች። ሀውራ ሙስዓብን ቀሚሷ ውስጥ ሸፍና አቀፈችው፤ ልጁ አልጋ የለ፣ የት ይግባ?

የግቢው አለቃ ጺሙን በሂና ያቀላ ሰውዬ ነው። በሦስተኛው ቀን ወደ ሴቶቹ ጥግ ሲመጣ ሁሉም አቀረቀረ። ሱንዱስ ብቻ፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እንደ ተማረችው ተነስታ እጁን ያዘችና ሳመችው። ሰውዬው ደንግጦ አያት። ከዚያ ሳቀ። ለሀውራ ብስኩት ወረወረላት። እሷም፣ አላህ ይይላት፣ ደስ አላት! አደቡ ልቡን አራራው ብላ በማግሥቱም "ሂጂ ሳሚው" አለቻት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሏችኋል ይህ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ከእኩለ ቀን በኋላ መኪና ይዞ መጣ።

"ይህቺን ልጅ እወስዳታለሁ" አላት በዐረብኛ። "አደበኛ ናት፣ ታዛዥ ናት። ቤቴ ታገለግላለች። አንቺና ትንሹ ነገ ትለቀቃላችሁ።"

ሀውራ ዐረብኛውን ከማንም በላይ ሰማች። "ልጅ ናት፣ እኔ ላገልግል፣ እኔን ውሰደኝ" አለች። ሰውዬው ጆሮም አልሰጣት፤ ሱንዱስን በክንዷ አንጠልጥሎ ወደ በሩ አመራ። ሀውራ እግሩ ሥር ወደቀች። እጁን በሁለት እጇ ያዘች፣ ሳመችው፣ ደግማ ሳመችው። ሰውዬው ለምዶታልና አልነጠቃትም። ከዚያ አውራ ጣቱን አፏ ውስጥ ከታ ነከሰች፤ አጥንቱ ጥርሷ ሥር ሲሰበር ሰማችው። አልለቀቀችም።

በሩ ላይ የቆመ ሌላ ዘበኛ በጠመንጃው ሰደፍ ግራ ክንዷን መታት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፤ ክንዷ ተሰብሮ ተንጠለጠለ። አፏ ሙሉ ደም ሆና "የወንድ ያለህ!" ብላ ጮኸች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንደሚታረድ በግ ዝም ያለው ሕዝብ ያኔ ተነሳ። አምሳሉ፣ ያ ጀርባው የበሰለ ልጅ፣ ዘበኛውን በድንጋይ ፊቱን አፈረሰው። ሌሎቹ ጺመ ቀዩን መሬት ጣሉት፤ ጀሪካን፣ ድንጋይ፣ ጫማ፣ ያገኙትን ሁሉ አወረዱበት። ቁልፉን ከወገቡ መነጨቁና በሩ ተከፈተ። ከጣሪያው ተኩስ ወረደ። ሁለት ሰው በቆመበት ወደቀ።

ሀውራ የቀራት አንድ እጅ ነው። "አምሳሉ፣ ሱንዱስን!" አለች፤ እሱም ልጅቷን አዝሎ ወደ በሩ ሮጠ። ሙስዓብን ልትሸከም ብትጎነበስ ከኋላ ሰው ገፋት። "ቀሚሴን ያዝ የኔ ልጅ፣ እንዳትለቅ" አለችው። ያዘ። በር ላይ ስልሳ ሰው ሲጋፋ ቀሚሷን ወደ ኋላ የሚስበው ትንሽ ክብደት ይሰማት ነበር። ከዚያ ቀረ። ልትዞር ብትል ሕዝቡ አንሥቶ ውጭ አወጣት።

ተመለሰች። ተኩሱን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ተመለሰች። ሙስዓብ የበሩ ደፍ ላይ በደረቱ ተኝቷል። ሰውነቱ ላይ ጥይት የለም። ጀርባው ላይ የሸበጥ አሻራ ነበር፣ አንድም አይደለም፣ ሁለትም አይደለም። በአንድ እጇ ጎትታ እስከ መንገዱ ወሰደችው። ዳቦ የምትሸጥ አሮጊት የመናዊት አንሶላ አመጣችላትና እዚያ ካለ መስጊድ ጀርባ ቀበሩት፤ ሱንዱስንም እዚያችው አሮጊት በር ላይ አገኘቻት። አምሳሉ ልጅቷን አስቀምጦ ከሌሎቹ ጋር ሸሽቷል።

ከሰባት ወር በኋላ ሀውራ ከስደት ተመላሾች ጋር አገሯ ገባች። አክስቷ ራዚያ ቤት፣ አርዲቦ ዳር፣ ለቅሶ ተቀመጡ። ሀሚዱ ከሳውዲ ደውሎ ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ መሐል ተቀምጧል። "ማን ነው የገደለው? ስሙን ብቻ ንገሪኝ፣ ስሙን!" እያለ ያነባል። ለቀስተኛው ዐረቡን ይረግማል። 

በሦስተኛው ቀን አምሳሉ መጣ። እሱንም ይዘው መልሰውት ኖሮ፣ ወሬውን ሰምቶ ከአምባሰል ተነሥቶ ነው። ሱንዱስ አይታው ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ ግን አላቀፋትም። ቀስ አድርጎ አወረዳትና ሀውራ ፊት ተንበረከከ።

"እትዬ ሀውራ፣ በሩ ላይ እግሬ ሥር የሆነ ነገር ነበር" አለ። "ለስላሳ ነገር። ሱንዱስ ጀርባዬ ላይ ናት፣ ተኩስ ነው፣ ወደ ታች አላየሁም። ጨርቅ መስሎኝ... ቆሜበት ነው ያለፍኩት። ተረግጦ ሞተ ሲሉ ትናንት ሰማሁ።"

"እሱ አንተን ቀድሞ ወጥቷል" አለች ራዚያ ፈጥና፣ ልትሸፋፍን። "አይደለም" አለ አምሳሉ።



ሀውራ ተነሣች። በደኅናዋ እጇ በጥፊ አጮለችው፤ ቤቱ ሁሉ ሰማው። ደገመችው። አፍንጫው ደማ። ሽማግሌዎቹ ሊይዟት ሲነሡ አምሳሉ ራሱ "ተዉአት" አላቸው። ሦስተኛውን ስትሰነዝር ግን እጇ አየር ላይ ቀረ። ሱንዱስ በሁለቱ መሐል ገብታ በቀሚሷ ጫፍ የአምሳሉን አፍንጫ እየጠረገች ነበር።

ሀውራ ልጇን አየቻት።  ከዚያ መሬት ዘጭ ብላ፣ ከየመን ከተመለሰች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። "በሩን ያስከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ሀሚዱ፤ ስም ከፈለግህ የኔን ያዝ" አለች ወደ ስልኩ።

ለቀስተኞቹ አምሳሉን ወደ ውጭ ሊያወጡት ክንዱን ያዙ።

"የት ትወስዱታላችሁ?" አለች ሀውራ። "ይቀመጥ። ወንድሙ ነው የሞተበት።"