አባቴና የሆላንዳዊው ወፍጮ

አላሜዳ ከተማ ባለው የጀልባ መጠገኛ አጠገብ ሳልፍ የረጠበ እንጨት ሽታ ከመጣብኝ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ቁጭ እላለሁ።

አባቴ አናጺ ነበር። ሚሌኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ከሳን ሆዜ ወጣ ብሎ የሚኖሩ አንድ ሆላንዳዊ ሽማግሌ አያታቸው የሠሩት የውሃ ወፍጮ እንዳይፈርስባቸው ብለው ቀጠሩት። እንግሊዝኛ ስለማይችል ቅዳሜ ቅዳሜ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ሽማግሌው ከማዶ ሆነው ውሃው ስለሚያዞረው የወፍጮው መዘውር ጮኸው ነገሩኝ። የውሃው ድምፅ ዋጠውና «ሎክድ» የምትለዋን ብቻ ሰማሁ።

«ምን አሉ?» አለኝ አባዬ።

«ሎክድ ነው፣ ታስሯል አሉ።»

እጁን አስገባ። መዘውሩ ዞረ። ለካ ያሉት «ገና አልታሰረም» ነበር።

ሦስት ጣቶቹ ተቆረጡ። ሆስፒታል እናቴ እያለቀሰች፣ «ልጅቷ አልነገረችህም?» አለችው።

«ነግራኛለች። ያልሰማሁት እኔ ነኝ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አብሽሪ ልጄ» አለኝ። ያኔ ሕመሙ ያምታታው መስሎኝ ነበር።

ወፍጮው ታድሶ ዛሬም ይጎበኛል። አባቴ ግን ዳግመኛ መዶሻ አልጨበጠም። እናቴም እውነቱን ሳልነግራት ሞተች።