ቤዙ የማይሰማበት ቴፕ

እኛ ቤት የነበረው ቴፕ ዜና ለመስማት የተገዛ ነው። ስፒከሩ መዳፍ የሚያህል፣ አባባ በጥልፍ ጨርቅ አልብሰው ቁም ሣጥኑ ላይ ያስቀመጡት፣ ከሳቸው በቀር ማንም የማይነካው። ዜናውን ጥርት አድርጎ ያሰማል፤ ቅዳሴውንም እንደዚያው። ቤዝ፣ ያን ወፍራሙን የታች ድምፅ ግን አያሰማም። ይህን ያወቅነው የወንድሜ ነገር ሊቆረጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

ወንድሜ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። የባንዱ መሪም እሱ ነው። ዘፈኑን የሚያቀናብረው፣ ከበሮ መቺውን የሚቆጣው፣ ፈንክ የሚሉትን ምት ከኛ እስክስታ ጋር ያጋባው እሱ ነው። ይህን ለሰው ማስረዳት ግን መከራ ነበር፤ ሰው መሪ ሲባል ዘፋኙን ነው የሚያየው። የመጀመሪያው ካሴታቸው ሲወጣ ሽፋኑን የሞላው የዘፋኙ ጥርስ ነበር። ወንድሜ ከሳክስፎን ተጫዋቹ ትከሻ ጀርባ በግማሽ ፊቱ ብቅ ብሏል። እኔ ደሜ ፈላ። እሱ ግን፣ ይባስ ብሎ፣ ፎቶው ቆንጆ ነው አለኝ።

ያ ካሴት ብዙም አልተሸጠ። ሙዚቃ የሚነካካው ሁሉ ግን ሰምቶታል። የየካ ጎረምሶች ከተራ ጊታር ላይ ሁለቱን ቀጫጭን ክር ፈትተው ቤዝ አስመስለው የሱን አመታት ይለማመዱ ነበር። ከኛ ዝቅ ብሎ ካለው ጸሎት ቤት የኳየሩ ቤዝ መቺ እንኳ እያፈረ በራችንን አንኳኩቶ፣ አንዷን ቦታ አሳየኝ ብሎ ለምኖት ያውቃል። በቀጣዩ እሑድ ያቺው ቦታ መዝሙር ሆና ከታች ስትመጣ ወንድሜ ቀና ብሎ አዳመጠና ፈገግ አለ።

አባባ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቁም። የሚያውቁት ልጃቸው ማታ ወጥቶ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ እንደሚገባ ነው። ዕድሜ ልካቸውን የመንግሥት ሥራ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ክፉ አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። እኔ ከሞትኩ ይሄ ልጅ በምን ይኖራል የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። ፍርሃቱ እኔም ላይ ተጋብቶብኝ ነበር።

ሁለተኛው ካሴት በወጣ ሰሞን አራት ኪሎ ያለ የድሮ ባልደረባቸው ለወንድሜ መዝገብ ቤት ውስጥ ሥራ አገኘለት። ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት፤ ባንዱ አበቃለት ማለት ነው። አባባ ሰኞ ጠዋት ሄደው ቁርጡን ሊናገሩ ቀጠሮ ያዙ። ወንድሜ እምቢ አይላቸውም፤ ሂድ ካሉት ይሄዳል፣ ጊታሩንም ይሸጠዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የለመናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዲሱን ካሴት አንዴ ይስሙልኝ አላቸው። እሳቸውም እሺ፣ ሰምቼ ሥራ መሆኑ ከገባኝ እተውሃለሁ አሉት።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጨርቁን ገልጠው ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አስጠጉ። ዘፋኙ ጀመረ። ይሄ አንተ ነህ ብለው ጠየቁት፤ አይደለሁም አለ። ኪቦርዱ ገባ፤ እሱም አይደለም። ወንድሜ ጣቶቹን ጭኑ ላይ እየመታ አሁን፣ ይኸው አሁን ይላቸዋል። እኔም አንገቴን አስግጌ አዳምጣለሁ፤ እሱ ባለበት ቦታ ምንም የለም። አባባ ልፋታቸው ያሳዝን ነበር፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው ፈለጉት።

"ታዲያ አንተ የታለህ?" አሉት በመጨረሻ።

ወንድሜ ቴፑን ዘጋው። ትልልቁ ስፒከር ባንዱ የሚጫወትበት የምሽት ክበብ ንብረት ነው፣ ከበር አይወጣም፤ አባባ ደግሞ ቢሞቱ ምሽት ክበብ አይገቡም። ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ስሄድበት፣ "ተይው፣ እውነታቸውን ነው፤ የለሁማ" አለኝ።

እሑድ ምግብ ሳልቀምስ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ነው ታክሲው ትዝ ያለኝ። ከሰፈራችን ከፈረንሳይ አራት ኪሎ የሚሠራ አንድ ሚኒባስ ነበር፤ ሹፌሩ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ከኋላ ወንበር ሥር ትልቅ ስፒከር ገጥሟል። እዚያ የተቀመጠ ሰው ሙዚቃውን በወገቡ ነው የሚሰማው። ካሴቱን ይዤ ሄጄ ለመንኩት። እሱስ እሺ አለ፤ ግን አባባ ሁልጊዜ ጋቢና ነው የሚቀመጡት፣ ቁጭ ከማለታቸውም ቀንስልኝ ይላሉ ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። ቀንስ ሳይሉ የወረዱበት ቀን የለም።

ሰኞ ጠዋት መርካቶ ጉዳይ አለኝ ብዬ ዋሽቼ አብሬያቸው ወጣሁ። ሹፌሩ ጋቢናውን ቀድሞ ለአንዲት እናት ሰጥቶታል። አባባ እየተነጫነጩ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ከጎናቸው። ቁልቁለቱን ስንጀምር ሬዲዮ ዜና ያወራል። ሹፌሩ ዜናውን ጥዶ ረሳኝ! ወደ ቀበና ስንቃረብ በመስታወቱ ዓይኑን ፈልጌ ጠቀስኩት። በመጨረሻ ካሴቱን ከተተው።

መጀመሪያ ከበሮው ብቻ ነበር። ከዚያ ወንድሜ ገባ። ወንበሩ ተንቀጠቀጠ፤ የአባባ ዣንጥላ ከወለሉ ጋር ይርገበገብ ጀመር። የቅዳሜው ዘፋኝ ሲጀምር አባባ ወደ እግራቸው ተመለከቱ። ቀጥሎ እጃቸውን ወንበሩ ላይ አኖሩ፤ በሽተኛ ልጅ እንደሚዳስስ ሰው። ፊታቸውን ለማየት አልደፈርኩም። ቀንስ ይላሉ፣ አሁን ይላሉ እያልኩ ጠበቅኩ።

ቀንስ ያሉት ጋቢና ያሉት እናት ናቸው። ራሴን አመመኝ አሉት። ሹፌሩ እጁን ወደ ቴፑ ሰደደ።

"ተወው!" አሉ አባባ ከኋላ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። "እባክህ ተወው። ከወንበሩ ሥር ያለው ልጄ ነው።"

ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። ረዳቱ ደንግጦ ጎንበስ ብሎ ወንበሩ ሥር አየ። እኔ እየሳቅኩ ማልቀስ ጀመርኩ።

አራት ኪሎ ሲደርስ ሰው ሁሉ ወረደ። አባባ አልተነሱም። መኪናው ወደ ፈረንሳይ ይመለስ እንደሆነ ጠየቁ፤ ሹፌሩ አዎ አባባ፣ ይመለሳል አላቸው።

"እንግዲያው ካሴቱን ገልብጠው" አሉት።