እንጦጦ ላይ የቀረችው አክስቴ

እናቴና ታላቅ እኅቷ የተቀያየሙት ከተማው ከእንጦጦ ወደ ታች ሲወርድ ነው። እናቴ ገበያውን ተከትላ አራዳ ወረደችና ጨው መሸጥ ጀመረች። አክስቴ ግን "የባሌን መቃብር ጥዬ የት እሄዳለሁ?" ብላ ተራራው ላይ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

አንድ ጠዋት አንዲት እንጨት ተሸካሚ ገበያ ድረስ መጥታ፣ "እኅትሽ ከተኛችበት መነሣት አቅቷታል" አለቻት። እናቴ ጨውዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ወዲያው ተነሣች። እኔ ልጇ ያን ጊዜ ባለ ትዳር ሴት ነበርሁ፤ ብቻዋን አትሄድም ብዬ ተከተልኋት።

ዳገቱን ስንወጣ እናቴ ቶሎ ቶሎ ትቆማለች። የደከማት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጉቶውን ነው የምታየው።

"እዚህ ጋ ፀሐይ አይገባም ነበር" አለችኝ።

ጽዱም ወይራውም ተቆርጦ አልቋል። ጎርፍ የቦረቦረው ቀይ አፈር አግጥጦ ይታያል። ጫፍ ስንደርስ፣ ከድሮው ከተማ የተረፈው የፈረሰ ካብ፣ ሳማ የወረሰው ግቢ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ጥቂት ጎጆዎች ብቻ ነበር።

አክስቴ መደቡ ላይ ተጋድማለች። ጉንጮቿ ሰርጉደዋል።

"እትዬ፣ ላወርድሽ መጣሁ" አለቻት እናቴ።

"ዘገየሽ" አለች አክስቴ፤ ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም። ከዚያ ከምንጩ ውሃ እንዲቀዳላት ለመነች።

እንስራዋን ይዤ ወጣሁ። ምንጩ ደርቆ ጭቃ ብቻ ቀርቷል። ከሩቅ ጅረት ቀድቼ ስመለስ፣ እናቴ የእኅቷን ዓይን ስትከድን ደረስሁ።

በማግስቱ ሬሳውን የሚሸከም ወንድ ታጣ። ወንዱ ሁሉ ከተማውን ተከትሎ ወርዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ቄስ በቀር ወንድ የሚባል አልነበረም። እንጨት ለቃሚዎቹ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ቃሬዛውን አነሡ። እናቴም አንዱን ጫፍ ያዘች። "ሐዘንተኛ አይሸከምም" ቢሏት አልሰማቻቸውም። ከባሏ ጎን ቀበርናት።

ስንወርድ እናቴ እየሄደች ተናገረች፤ "እሷ ትምጣ ብዬ ጠበቅኋት። እሷም እኔን ስትጠብቅ ኖራ ይሆናል።"

ለአርባዋ ስንወጣ ጎጆዋ የለም። ግድግዳውም ጣሪያውም ተነቃቅሎ ለማገዶ ሄዷል። እናቴ መደቡ በነበረበት ባዶ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ማን እንደ ወሰደው አልጠየቅንም።