የእትዬ ዘነበች ትንሿ ፎቶ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ስለማታውቁኝ ነው ለእናንተ የደፈርኩት።

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። የቀለም ፕሪንተር ጥቁርና ነጭ ፎቶ አትም ሲሉት አንዱን ፊት አረንጓዴ፣ ሌላውን ሐምራዊ ያደርገዋል፤ ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኝ ነበር። አንድ ቀን ብድግ አልኩና ከአሮጌው ፕሪንተሬ ሰማያዊውን፣ ቀዩን፣ ቢጫውን ሁሉ ጠርጌ አወጣሁ። ጥቁሩን ቀለም በተጣራ ውሃ እያቀጠንኩ ሦስት ዓይነት ግራጫ በጠበጥኩ፤ በመርፌ እየሳብኩ በየታንኩ ሞላሁ። ስንት ወረቀት አበላሸሁ! በመጨረሻ ግን ወጣልኝ። የጥላው ልስላሴ! የጥቁሩ ጥልቀት! ሱቄን ዘግቼ ብቻዬን ጨፈርኩ።

በዚያው ሳምንት እትዬ ዘነበች መጡ፤ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ናቸው። ለባለቤታቸው ሙት ዓመት የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ፈልገው ነበር። ያመጡት መዳፍ የማትሞላ፣ አንድ ያለቻቸው የባለቤታቸው የወጣትነት ፎቶ ናት።

«አደራ ልጄ፤ እሱን ሳልስም ከቤት አልወጣም» አሉኝ።

ስካን አድርጌ ትልቁን አተምኩ። እንዴት አማረ! ግራጫውን አሁንም ትንሽ ላቅጥነው ብዬ ስጣደፍ መርፌው ከእጄ አመለጠና ጥቁሩ ቀለም ትንሿ ፎቶ ላይ ተደፋ። የባለቤታቸው ፊት ጠፋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ? መናገር። እኔ ምን አደረግኩ? ከስካኑ በልኳ አተምኩ፤ ጠርዟን አሻሸሁ፣ ማዕዘኗን አጠፍኩ፤ «ይኸው ፎቶዎ» ብዬ ሰጠኋቸው። ሲስሟት እያየሁ፣ ያሳፍረኛል ግን እናገራለሁ፣ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ። አልለዩዋትም! ቀለሜ ሠራ!

ከወራት በኋላ ደረጃ ላይ ተገናኘን። ፎቶዋን ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው አሳዩኝ። አፍና አፍንጫው ደብዝዟል። የበጠበጥኩት ቀለም እርጥበት አይችልም ነበር፤ እኔ ስለ ውበቱ እንጂ ስለ ከንፈራቸው መች አሰብኩ?

«በመሳም ብዛት አጠፋሁት፣ ልጄ። ከእንግዲህ አልስመውም፤ የቀረው እንኳ ይቆይልኝ» አሉ።

«አይዞዎት፣ ያረጀ ፎቶ እንዲህ ነው» አልኳቸው። አዎ፣ ይህንንም እኔ ነኝ ያልኩት።

ዛሬ ውሃ የማይፈራ ቀለም አግኝቻለሁ። የመጀመሪያው ወረቀት ከፕሪንተሩ ሲወጣ ልቤ እንደ ድሮው ዘለለ። አዲስ አትሜ ልሰጣቸው እችላለሁ። ግን ያላጠፉትን አጠፋሁ ብለው መሳም የተዉትን ሴት በሌላ ወረቀት ደግሜ ላታልላቸው ነው?

ቀለም የተደፋባት ዋናዋ ፎቶ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ናት። እሷን ይዤ እሳቸው ቤት፣ አራተኛ ፎቅ እወጣለሁ። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የእሳቸው ነው። ቢያባርሩኝም፣ ከመባረሬ በፊት ይህን ይስሙኝ፦ እርስዎ አይደሉም ያጠፉት፤ እኔ ነኝ።