የተቀደደው ምዕራፍ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲታይ ምን ያህል ነው? ጀርመን አገር፣ ኖርድቬስትሽታት ሰፈር የሚኖሩት አቶ ዘመንፈስ ቢጠየቁ፣ «መጨረሻው የተቀደደ መጽሐፍ ያህል» ይሉ ነበር።

ሲቀልዱ አይደለም። አስመራ ተማሪ ሳሉ፣ ዛሬ ማንም የማያስታውሰው የእንግሊዞች የወንጀል ልብ ወለድ እጃቸው ገብቶ ነበር። አንድ ተራ የቢሮ ጸሐፊን፣ ፊቱን አይቶት የማያውቀው የሚያፏጭ ሰው በለንደን ጭጋግ ውስጥ ያሳድደዋል። ፉጨቱ ደጃፉ ደርሶ ቀጥ ሲል መጽሐፉ ያልቃል፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ተቀዷል።

ሆኽስት የኬሚካል ፋብሪካ በሠሩበት ዘመን ሁሉ፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ታሪኩን ለሐበሻ ባልደረቦቻቸው ይተርኩት ነበር።

«እሺ፣ በሩን ከፈተለት?»

«እሱን የቀደደውን ጠይቁት!»

ጡረታ ወጡ፣ ሚስታቸውን ቀበሩ፣ ዓይናቸው ጠፋ። ጥያቄው ግን አብሯቸው አረጀ።

መጽሐፉን ያገኘችው የምትንከባከባቸው ቤዚ ናት፤ ሰው አንብቦ የጨረሰውን ትቶ ከሚሄድበት የመንገድ ዳር የመጽሐፍ ሳጥን ውስጥ። ሙሉ ነበር። ኡባን፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ውስጥ ሆና መጨረሻውን ገለጠችው። ተሳዳጁ አርጅቷል፤ ታውሯል። መስኮት አጠገብ፣ ክንዱ የተላጠ የቆዳ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ምግብ የምታመጣለት ልጅ ታነብለታለች። አንብባ ስትጨርስ ፉጨቱ በሩ ላይ ይቆማል። ሰውየው «ክፍት ነው» ይላል፤ እጁም ከወንበሩ ላይ ይወድቃል።

ቤዚ ስትገባ አቶ ዘመንፈስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የወንበራቸውን የተላጠ ቆዳ ያሻሹ ነበር።

«አገኘሽው አይደል? ሽታው ነገረኝ። በይ አንብቢልኝ፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

«አባባ... መነጽሬን ረስቼ ነው።»

«መነጽር አለሽ እንዴ? ዛሬ ገና ሰማሁ!»

ደረጃው ላይ አንድ ሰው እያፏጨ ይወጣ ነበር። እስኪያልፍ ድረስ ቤዚ ትንፋሿን ዋጠች።

ቅዳሜ ልጃቸው ሊዋም መጣች። ገጹን ለብቻዋ አነበበችና ፊቷ ልውጥ አለ። «ናይን፣ ፓፓ፣ አይሆንም» ብላ መጽሐፉን ዘጋችው።

«እኔ እንደሆን ብታነቡትም ባታነቡትም መሞቴ አይቀርም» አሉ፤ ሳይቆጡ።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት ቤዚ ስትመጣ በሩ ገርበብ ብሎ ጠበቃት። የአቶ ዘመንፈስ እጅ ከወንበሩ ላይ ወድቋል፤ መጽሐፉ ጭናቸው ላይ ተገልጧል። ሳምንቱን ሙሉ ሲለምኗት የከረሙት፣ እሷም ያልነገረቻቸው ይህንኑ ብቻ ነበር፦ «ሌላውን ተዪው ልጄ፤ ከፍቶለት እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።»